ጨጓራዬ አነሰ፣ «በሞቴ» ግን አላነሰም

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዬን በኦፕራሲዮን አስቀንሻለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ክብደቴ 108 ኪሎ ገብቶ ነበር። ውፍረት የሚለካው ክብደትን በኪሎ ይዞ፣ በሜትር በተለካ ቁመት አንዴ አካፍሎ፣ የመጣውን እንደገና በቁመት በማካፈል ነው። የእኔ 42 መጣ። ስኳርም ደም ግፊትም ነበረብኝ። ድሮ ሐኪሞች ለኦፕራሲዮን የሚያስቡት ይህ ቁጥር 40 ሲደርስ፣ ወይም ከ35 በላይ ሆኖ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ሲታከልበት ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት ወደ 35 ዝቅ አደረጉት። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ከ30 ጀምሮ ይታሰብ አሉ። እኔ በአሮጌውም በአዲሱም አላመለጥኩም።

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው። ወደ ቤት ዳገት ስለሆነ ባጃጅ ነው። «ቦርጭሽን ሊቆርጡልሽ ነው?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ስብ አይቆረጥም። እኔ የተሠራሁት ስሊቭ የሚባለውን ነው። በትናንሽ ቀዳዳዎች ገብተው ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚበልጠውን ቆርጠው ያወጡታል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ነገር ነው። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ረሃቡም አብሮ ይጠፋል። ባይፓስ የሚባል፣ ጨጓራውን አሳንሶ ከታችኛው አንጀት ጋር የሚያገናኝ ሌላ ዓይነትም አለ። ቃር ክፉኛ የሚያሠቃየው ሰው ስለሱ ይጠይቅ፤ ስሊቭ ቃርን ሊያብስ ይችላል።

ምርመራው ብዙ ነው። ደም፣ ልብ፣ አልትራሳውንድ፣ ጨጓራን በካሜራ የሚያዩበት ኢንዶስኮፒ። አገራችን ውስጥ በጣም የተለመደው ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ እኔም ጋ ተገኘና እሱን በመድኃኒት ማጽዳት ቀደመ። ከዚያ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለት ሳምንት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ስኳር የለም። ምክንያቱ ጉበት ነው። የወፍራም ሰው ጉበት ስብ ይዞ ያብጣል፣ ጨጓራው ላይም ይተኛበታል። ሳሳ ሲል ለሐኪሙ እጅ ይመቻል። ጎመንና ምስር በማንኪያ ስበላ ያዩ የእህቴ ልጆች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር።

ለእኔ ግን ትልቁ ዝግጅት ሆስፒታል ውስጥ አልነበረም። ወሎ ውስጥ ነው የምኖረው። ከግራ ጎረቤት ዝክር፣ ከቀኝ ጎረቤት መውሊድ፣ ደግሞ ሰርግ፣ ደግሞ ለቅሶ፣ ደግሞ ሰደቃ። ማዕድ ላይ እምቢ ያለ ሰው እንደ ናቀ ነው የሚቆጠረው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ሲመጣ ደግሞ ማን ይችላል?

ብዙ ሰው ደብቂው ብሎኛል። እኔ ግን አልደበቅኩም። እዚህ አገር የወፈረ ሰው «ተመችቶታል» ይባላል፤ የከሳ ሰው ግን በሽተኛ ነው። በጥቂት ወር ውስጥ ያን ሁሉ ኪሎ ስጥል ፒያሳ ምን እንደሚያወራ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ለኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ ከመሄዴ በፊት አክስቶቼንና ጎረቤቶቼን ቡና ጠራሁ። አቦሉ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጸጥ አሉ። ቶናው ላይ ጥያቄው ዘነበ። በረካው ላይ ምርቃቱ መጣ። እንደ እናቴ የማያቸው ጎረቤቴ ዱአ ካደረጉልኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ በሞቴ አልልሽም። ግን አፌ እሺ የሚለኝ ይመስልሻል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እስከ ዛሬ እሺ አላላቸውም።

ስለ ኦፕራሲዮኑ ራሱ የማወራው ትንሽ ነው፤ ተኝቼ ነበር። የዚያኑ ዕለት አስነሥተው አስኬዱኝ። እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ነው። ከክፍለ አገር ለምትሄዱ ግን አንድ ነገር ልበል። ከሆስፒታል እንደወጣችሁ ወደ ቤት አትሩጡ። የተሰፋው ቦታ ካፈሰሰ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ሆድ እየባሰ ያማል። ያን ጊዜ ኦፕራሲዮን ላደረገላችሁ ሐኪም ቅርብ መሆን አለባችሁ። እኔ ዘመድ ቤት ሰነበትኩ። ከአዲስ አበባ ደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ስንመለስ ወንድሜ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ፣ በየመሀሉም ጭምር እያቆመ መንገድ ዳር አንሸራሸረኝ።

ከዚያ ምግቡ። መጀመሪያ ውኃና የተጠለለ መረቅ፣ ቀጥሎ ወተትና ቀጭን አጥሚት ያለ ስኳር፣ ቀጥሎ በርበሬ ያልነካው ቀጭን ሽሮና እርጎ፣ ቀጥሎ ለስላሳ እንቁላልና አይብ። ደህና ምግብ ለመብላት ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። እንጀራ በመጨረሻ ነው የመጣው፣ ያውም ትንሽ ቁራሽ። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም። ከበላሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዳገት ላይ ወርዶ አንድ ብርጭቆ ውኃ ግጥም ማድረግ ቀረ። ይህ ከእንጀራው በላይ ናፍቆኛል።

ሐኪሞቹ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን አሉኝ። ቀላል ይመስላል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ ነው። ጨጓራዬ ደግሞ የስኒ ያህል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ፕሮቲኑ ይቀድማል፣ ቦታ ከተረፈ ሌላው። ሁዳዴ ሲመጣ ጭንቅ ሆነብኝ። የንስሐ አባቴን አማከርኩ። «ሕመምተኛ ነሽ፣ ሐኪምሽን ስሚ» አሉኝና በመጀመሪያው ዓመት ወተትና እንቁላል አላቋረጥኩም። ይህን ኦፕራሲዮን የተሠራ ሙስሊም ጎረቤት ካላችሁም ንገሯቸው፤ ረመዳንን ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ውሎ ማታ ላይ ማካካስ በዚህ ጨጓራ አይሆንም።

ጉርሻ ሌላ ጣጣ ነው። የሚያጎርስ ሰው መጠኑን የሚለካው በፍቅሩ ነው፣ የእኔ ጨጓራ ግን በሚሊ ሊትር ነው። አንድ ጉርሻ ሲበዛ ደረቴ ላይ ይቆማል፣ ምራቄ ይሞላል፣ ከዚያ ሩጫ ወደ መጸዳጃ ቤት። መፍትሔዬ እህቴ ናት። ድግስ ላይ ከጎኔ ትቀመጣለች። ኮምቦልቻ የዘመድ ሰርግ ላይ አጎታችን ጡጫ የሚያክል የዶሮ ጉርሻ ይዘው ሲመጡ፣ «ጋሼ፣ እኔስ?» ብላ አፏን ከፍታ ተቀበለችልኝ። ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም አልተቀየሙም። ለብቻ ሳህን መያዝም ይረዳል። ትሪው ላይ እጅ ካለ ማንም ስንት እንደበላሽ ይቆጥራል።

ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ሌሎችም። ካልሲየምና ብረት አብረው አይዋጡም፣ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ። ቡናም ብረቱን ያበላሻል። ደሴ ላይ ጠዋትም ከሰዓትም ሦስት ሦስት ስኒ እየቀረበ የብረት ሰዓት ከየት ይምጣ? ልተኛ ስል እውጠዋለሁ። ሌላው፣ ለወገብ ሕመም መድኃኒት ቤት ስገባ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንዳይሰጡኝ አስቀድሜ እናገራለሁ። ጨጓራውን ያቆስሉታል።

ስኳሬ ቶሎ ወረደ። የስኳርና የግፊት መድኃኒቴን እየለካ የቀነሰው ግን ሐኪሜ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ከሦስተኛው ወር በኋላ ፀጉሬ በእፍኝ ይወጣ ጀመር። ተመልሶ እንደሚበቅል ተነግሮኝ ነበር፣ በቅሏልም። የክንዴ ቆዳ ግን እንደተንጠለጠለ ነው። ጠዋት ጠዋት የጦሳ ተራራ ብርድ ድሮ ባልነካኝ ቦታ ይገባል። ሁለት ሹራብ እደርባለሁ።

አሁን 77 ኪሎ ላይ ነኝ። ቤቴ ድረስ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ፣ የባጃጅ ልጆቹ ተኮራርፈን ይመስላቸዋል። ረሃቡ ግን ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው፤ ይህንንም አስቀድመው ነግረውኛል። የሚያሰጋኝ ክትፎ አይደለም፣ እሱ ሁለት ማንኪያ ሲሆን በቃኝ ያሰኛል። የሚያሰጋኝ ስኳር የበዛበት ሻይና ጭኮ ነው። የሚጠጣና አፍ ላይ የሚሟሟ ነገር ሳያጠግብ ያልፋል፣ ኪሎውም በዚያ በኩል ይመለሳል። ጭኮውን ቤት ማስገባት ትቻለሁ፤ ጎረቤት ጋ ግን አለ።

ዋጋ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ሆስፒታሉ በየጊዜው ስለሚለውጠው ራሳችሁ ደውሉ። ስትጠይቁ ግን የኦፕራሲዮኑን ብቻ አትጠይቁ። በየጊዜው የሚደረገውን የደም ምርመራ፣ የመመላለሻውን ትራንስፖርት፣ የአዲስ አበባ ቆይታውን ደምሩበት። የየወሩን ቫይታሚንም ደሴ መድኃኒት ቤቶች ውስጥ መገኘቱን ኦፕራሲዮኑን ከመሠራታችሁ በፊት አጣሩ። እኔ ካልሲየም ሲትሬት የተባለውን የካልሲየም ዓይነት ብዙ ጊዜ የማስመጣው አዲስ አበባ ለዕቃ ከሚሄዱ ነጋዴዎች ጋር ነው።