ደብረ ማርቆስ ላይ የቴስላ ኮይል ስሰራ የተማርኩት፦ ከኃይል በፊት ቅኝት

የቴስላ ኮይል፣ ማለትም ከፍተኛ ቮልቴጅ ፈጥሮ ብልጭታ ወደ አየር የሚወረውር መሣሪያ፣ ሰርታችሁ ብልጭታው ደካማ ከሆነባችሁ ኃይል ልጨምር አትበሉ። መጀመሪያ ቅኝቱን እዩ። ደብረ ማርቆስ ላይ የሰራሁት ኮይል ሲጀምር ጣት የማታክል ብልጭታ ነበር የሚሰጠኝ። አሁን ሁለት ስንዝር ገደማ ይወረውራል። ትራንስፎርመሩ ያው ነው።

አሰራሩ ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1891 ካሳየው ብዙም አልራቀም። ትራንስፎርመሩ ካፓሲተሩን፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅመውን ክፍል፣ ይሞላል። ካፓሲተሩ ሲሞላ ቻርጁ ስፓርክ ጋፑን (በሁለት ብረቶች መካከል የተተወውን ክፍተት) ዘሎ በፕራይመሪው፣ በውጪኛው ጥምጥም ውስጥ እየተመላለሰ ይርገበገባል። መሃል ላይ የቆመው ሁለተኛው ጥምጥም፣ ሰከንደሪው፣ ይህን በደንብ የሚቀበለው የራሱ ቅኝት ከፕራይመሪው ጋር ከገጠመ ብቻ ነው። ሁለት ክራር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የአንዱን ክር ብትመቱ፣ ከሌላው ላይ አብሮ የሚንቀጠቀጠው እኩል የተቃኘው ክር ነው። ይኸው ነው ነገሩ።

ትራንስፎርመሩን ባሕር ዳር ከወረደ የድሮ የኒዮን ማስታወቂያ ላይ አገኘሁት፤ 7500 ቮልት፣ 30 ሚሊአምፔር። ከባዱን የብረት አይነት ፈልጉ፣ ቀላሎቹ ኤሌክትሮኒክ የሆኑት ለዚህ ስራ አይመቹም። የሰከንደሪውን ሽቦ ሞተር ከሚጠመጥሙ ሰዎች ገዛሁ። ውፍረቱ 0.3 ሚሊሜትር ነው፤ በ75 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ ላይ ወደ 900 ዙር ሲጠመጠም 30 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት ይወጣዋል። ፕራይመሪው ደግሞ ፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው።

ካፓሲተሩ የቢራ ጠርሙስ ነው። ጨው የበዛበት ውሃ ትሞላላችሁ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ዘይት ታደርጋላችሁ፣ ውጪውን በፎይል ትጠቀልላላችሁ። አንዱ ጠርሙስ ከአንድ ናኖፋራድ (የካፓሲታንስ፣ ማለትም ቻርጅ የመያዝ አቅም መለኪያ) ብዙም ስለማይርቅ እያንዳንዱን በካፓሲታንስ መለኪያ መሣሪያ ለኩት። ስንት ጠርሙስ የሚለው ላይ ግን ተጠንቀቁ። በብዛት የሚገኙት የካፓሲተር መጠን ሰንጠረዦች ለአሜሪካ መብራት፣ ለ60 ኸርዝ የተሰሩ ናቸው። የእኛ 50 ነው። ለዚህ ትራንስፎርመር በ60 ኸርዝ 10.6 ናኖፋራድ የሚሰጠው ስሌት በ50 ኸርዝ 12.7 ይሰጣል። ልክ እዚያ ቁጥር ላይም አትቁሙ፤ ካፓሲተሩና ትራንስፎርመሩ እርስ በርስ ይቃኙና ቮልቴጁ ያለልክ ወጥቶ ትራንስፎርመሩን ይበላዋል። አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 19 አካባቢ ይሻላል።

አሁን ወደ ከፍታው። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር አልፋለች። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ በአነስተኛ ቮልቴጅ ይሸነፋል። ስለዚህ ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው የሰጣችሁን የስፓርክ ጋፕ ክፍተት እዚህ ብትገለብጡት፣ ካፓሲተሩ በደንብ ሳይሞላ ጋፑ ቀድሞ ይተኩሳል። ብልጭታው ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ግን ጉልበት የለውም። ክፍተቱን በቁጥር አትመኑት። ካፓሲተሩን አላቁ፣ ጋፑን ከትራንስፎርመሩ ጋር ብቻ አገናኙ፣ ከዚያ እያጠፋችሁ አስተካክሉ፤ ገና በጭንቅ የሚተኩስበት ቦታ ልኩ እሱ ነው። ከዚያ አታስፉት።

ቅኝቱ ትዕግስት ይፈልጋል። የእኔ ሰከንደሪ አናቱ ላይ ከተቀመጠው የብረት ቀለበት ጋር ሲሰላ ወደ 400 ኪሎኸርዝ ይመጣል። ፕራይመሪው ላይ የምትነክሰውን፣ ስንት ዙር እንደሚሰራ የምትወስነውን መቆንጠጫ በሩብ በሩብ ዙር ነው የማንቀሳቅሳት። ብልጭታው ሲረዝም እሱ ራሱ ካፓሲታንስ ይጨምርና የሰከንደሪውን ቅኝት ወደ ታች ይስበዋል፤ ለዚህ ነው ምርጡ ቦታ ስሌቱ ካለው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ዙር ወደሚበዛበት በኩል የሚገኘው። ብዙ ሰው ስሌቱ ላይ ደርሶ ያቆማል፣ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጥሩው ነገር ከዚያ ቀጥሎ ነው።

ብልጭታው ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ሰከንደሪው ገላ ላይ ከሮጠ ሁለቱ ጥምጥሞች በጣም ተቀራርበዋል። ሰከንደሪውን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት ተመሳሳይ ነገር ያመጣል። ቱቦውን ሳትጠመጥሙ በፊት በደንብ አድርቁ፣ ከጠመጠማችሁ በኋላ የሞተር ቫርኒሽ ደጋግማችሁ ቀቡት።

የሰከንደሪውን የታች ጫፍ ከቤት ኧርዝ ጋር አታገናኙ። ረብሻው በመስመሩ ገብቶ የቤታችሁንም የጎረቤትንም ቴሌቪዥን ሊያበላሽ ይችላል። የራሱን ዘንግ መሬት ውስጥ ቅበሩለት፤ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ውሃ አጠጡት።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ስትሰሩ መብራት ቢሄድ እጃችሁን እንዳትሰዱ። ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ መብራቱም ሳታስቡት ይመለሳል። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከዚያ ረጅም የፕላስቲክ እጀታ ባለው ሽቦ ካፓሲተሩን አጋጭታችሁ ባዶ አድርጉት፣ ከዚያ ነው መንካት። ይህ የኒዮን ትራንስፎርመር ሰው ይገድላል፤ የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ደግሞ ከዚህም እጅግ የከፋ ስለሆነ ጀማሪ አይንካው። ክፍሉን ክፈቱት፣ ብልጭታው ኦዞን ያወጣል። የልብ ምት መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አጠገቡ አይምጣ።

ቀጥዬ የማደርገው ጠርሙሶቹን መቀየር ነው። ብርጭቆ ይሞቃል፣ ጉልበትም ይበላል። የፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተሮች በረድፍ አያይዤ በእያንዳንዱ ላይ ቻርጁን የሚያፈስ 10 ሜጋኦም ሬዚስተር እገጥማለሁ። ያኔ አጠቃላይ ካፓሲታንሱ ስለሚቀየር መቆንጠጫዋን እንደገና ከመጀመሪያው መፈለግ ነው።