ውሃ የጠጣ የመሰለው ዋልካ

ከአቃቂ ወጣ ብሎ በተሠራ አንድ ግቢ፣ የአራት ቤቶች የጣሪያ ውሃ ጎርፍ ሆኖ ወደ ታች ሰፈር እንዳይለቀቅ፣ እዚያው መሬት ውስጥ ሰርጎ እንዲቀር ታቀደ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ለየቤቱ ከመሠረቱ 1.5 ሜትር ርቆ፣ 1 በ1 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ በድንጋይ ተሞላ።

ጉድጓዱ ውሃ ያሰርግ እንደሆነ የተፈተሸው በመጋቢት ነው። አንድ ጀሪካን ውሃ ተደፋ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። ፎርማኑ «ጥሩ» ብሎ ፈረመ። ዘበኛው አባባ ግን «አለቃ፣ ይሄ እኮ ዋልካ ነው፤ የጠጣው ስንጥቁ ነው እንጂ አፈሩ አይደለም» ብለው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም።

ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ውሃው በዚያ ይሾልካል። ክረምት ሲገባ ሸክላው ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ የሚያሳልፈው እጅግ በጥቂቱ ነው። ሒሳቡም አልተሠራም። በ100 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,000 ሊትር ነው። በጉድጓዱ ድንጋዮች መሀል የሚተርፈው ክፍት ቦታ ደግሞ 40 በመቶ ግድም ስለሆነ የሚይዘው 600 ሊትር ብቻ ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ሞላ ማለት ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ይህን ለመጣል ሰዓትም አይፈጅበት።

ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ሳምንት ቆመ፤ ከመሠረቱ ሥር ያለው አፈር አበጠ። ከመስኮቱ ማዕዘን የብሎኬቱን መገጣጠሚያ ተከትሎ ደረጃ ደረጃ የሠራ ስንጥቅ ወጣ። በጂፕሰም ደፈኑት፤ ጥር ላይ አፈሩ ደርቆ ሲኮማተር ከጎኑ ሌላ ተከፈተ። አባባ በየስንጥቁ ጫፍ በእርሳስ እያሰመሩ ቀኑን ይጽፉ ነበር፤ በኋላ ለመሐንዲሱ ከፎርማኑ ሪፖርት ይልቅ የጠቀመው ይኸው ነው።

ድንጋዩ ወጣ፤ ጉድጓዱ በዚያው በዋልካው፣ በየ20 ሳንቲሙ እየተጠቀጠቀ ተደፈነ። አሸዋ ቢሞላ ውሃው አሸዋው ውስጥ ተጠራቅሞ ተመልሶ ኩሬ በሆነ ነበር። አሸንዳው 5,000 ሊትር ሮቶ ውስጥ ገባ፤ ትርፉ ሣር በበቀለበት ቦይ ከቤቶቹ ርቆ ወደ ግቢው ታች ይወርዳል። በግድግዳው ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ 5 ሳንቲም ያዘነበለ ኮንክሪት ተነጠፈ።

ፍተሻውም በወጉ ተደገመ፦ 30 ሳንቲም ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ውሃ ተሞልቶ አደረ፤ ጠዋት እንደገና ተሞልቶ በየ30 ደቂቃው ተለካ። በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ግማሽ ሳንቲም እንኳ አልወረደም።