ሮዲዮ ማየት እየተማርኩ ነው

ፈረስ የምትወዱ ልጆች «ያ ሮዲዮህ እንዴት ሆነ?» ስላላችሁኝ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ። ሮዲዮ ማለት ካውቦዮች (የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች) የሚዘል ፈረስና ኮርማ በመጋለብ፣ ከብት በመጣልና በገመድ በመያዝ የሚወዳደሩበት ነው።

ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከአውሮራ (ኮሎራዶ) ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ብትነዱ ዋዮሚንግ ግዛት ገብታችሁ ሻየን ከተማ ትደርሳላችሁ። «ፍሮንቲር ዴይስ» የሚባለው የሮዲዮ በዓል እዚያ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ከተማው ለአስር ቀን ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም።

እኔ መጋለቡን ለወጣቶቹ ትቼ ማየት ነው የምለማመደው። ዘዴዬ ቀላል ነው። ዳኞቹ ነጥብ ከማውጣታቸው በፊት የራሴን ግምት ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ አስተያያለሁ። (እናቴ ቪዲዮ ልኬላት «ምን በደላቸውና ነው ከበሬ ጋር የሚጣሉት?» ብላ ስቃብኛለች።)

ጋላቢው ሳይወድቅ እንስሳው ላይ መቆየት ያለበትን ስምንት ሰከንድ ሮዲዮ የሚያይ ሁሉ ያውቃታል። ግን ስምንት ሰከንድ መቆየት ለመመዘን ብቻ ነው የሚያበቃው። ነጥቡ የሚያዘው ከመቶ ሲሆን ግማሹ የጋላቢው፣ ግማሹ የእንስሳው ነው። ስለዚህ ልግመኛ ኮርማ የደረሰው ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከፍ ያለ ነጥብ አያይም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ መጀመሪያ የማየው እንስሳውን ነው። ይሽከረከራል? አቅጣጫ ይቀይራል? የኋላ እግሩን ምን ያህል ያነሳል? ፈረስ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዋ ዝላይ አታምልጣችሁ። የፈረሱ የፊት እግር መሬት ሲነካ የጋላቢው ተረከዝ ከፈረሱ ትከሻ በላይ መሆን አለበት። ካልሆነ ስምንቱን ሰከንድ ቢጨርስም ነጥብ የለውም። የሚይዘው በአንድ እጁ ብቻ ስለሆነ ነፃው እጁ እንስሳውን ወይም ራሱን ከነካም ያው ነው። አሁን በፈረሱ ግምቴ ከዳኞቹ ብዙም አይርቅም። በኮርማው ገና ነኝ።

ከነጥቡ ይልቅ ልቤን የወሰደው ግን እንስሳቱ የሚለቀቁበት በር አካባቢ ያለው ነገር ነው። ጋላቢው ኮርማው ላይ ሲቀመጥ የሚይዘውን ገመድ ስቦ የሚያጠብቅለትን ሰው እዩት። አብዛኛውን ጊዜ ተፎካካሪው ነው! ከደቂቃዎች በኋላ ለዚያው ሽልማት ራሱ ይገባል። ከፈረስ ዘሎ ሰንጋ በሚጥልበት ውድድርም እንዲሁ። ሰንጋው እንዳይሸሽ በቀኝ በኩል እየጋለበ መስመር የሚያስይዘው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ተወዳዳሪ ነው። ፈረስ የሌለው ከሌላው ይዋሳል፤ ካሸነፈ ለባለፈረሱ ከሽልማቱ ሩብ ያህል መስጠት የተለመደ ነው። በነገራችን ላይ ይህን ሰንጋ መጣል የፈጠረው ቢል ፒኬት የሚባል ጥቁር የቴክሳስ ካውቦይ ነው። የሰንጋውን ከንፈር በጥርሱ ነክሶ ይጥል ነበር አሉ። በስሙ የሚጠራው የጥቁር ካውቦዮች ሮዲዮ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው እዚሁ ዴንቨር ነው።

ሻየን ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1989 ሌን ፍሮስት የሚባል የ25 ዓመት ሻምፒዮን ስምንት ሰከንዱን ጨርሶ ከወረደ በኋላ ኮርማው ወግቶት ሞተ። ከእሱ ጋር ይወዳደር የነበረው ጓደኛው ኮዲ ላምበርት ከዚያ በኋላ የደረት መከላከያ ሰደርያ ሠራ። ዛሬ ኮርማ ጋላቢዎች ለብሰውት የምታዩት እሱን ነው።

ጥጃ በገመድ መያዙን ግን አልወደድኩትም። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ሦስት እግሩ ይታሰራል፣ እስሩም ስድስት ሰከንድ መቆየት አለበት። እሱ ሲጀመር ውሃ ልግዛ ብዬ እነሳለሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ጠዋት መሀል ከተማ ድረሱ። ለመጣ ሁሉ ነፃ ፓንኬክ አለ። ሊጡ የሚቦካው በኮንክሪት ሚክሰር መኪና ነው፤ ቀልዴን አይደለም። የሚጋግሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ፓንኬኩን ወደ ላይ ሲወረውሩት ልጆች ሮጠው ይቀልባሉ። ትኬት የሚቆርጠው፣ መኪና የሚያስቆመው፣ በር ላይ የቆመው ሳይቀር አብዛኛው ያለ ክፍያ የሚያገለግል የከተማው ሰው ነው። ብዙዎቹ ለዚህ ብለው የዓመት ፈቃዳቸውን ይወስዳሉ።

ባርኔጣና የዝናብ ልብስ ያዙ፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በረዶ ሊሆን ይችላል። መቀመጫ ስትመርጡ እንስሳቱ ወደሚለቀቁበት በር ቅርብ ይሁን፤ ገመድ ሲሳብ የሚታየው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ የማጠናው ሁለት ሰው አንድ ሰንጋ በገመድ የሚይዝበትን ነው። አንዱ ቀንዱን፣ ሌላው የኋላ እግሮቹን። አንድ እግር ብቻ ከተያዘ አምስት ሰከንድ ቅጣት ይጨመራል። እኔ ከመቀመጫዬ ሆኜ አንድ ይሁን ሁለት እስካሁን መለየት አልቻልኩም። ዓይኑ የለመደ ካለ የትኛው ጎን ብቀመጥ እንደሚሻል ይንገረኝ።