ለእንጦጦ መንገድ የሚስማማ የብስክሌት ጎማ ምርጫ፦ እስካሁን የደረስሁበት

ከአራት ኪሎ ተነስቶ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ የሚወጣ ብስክሌተኛ በአንድ ጠዋት ሦስት ዓይነት መሬት ይረግጣል። መጀመሪያ ረጅም የአስፋልት ዳገት፣ ቀጥሎ በባሕር ዛፉ መካከል የሚጠማዘዝ የቀይ አፈር መንገድ፣ በመመለሻው ደግሞ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎት ድንጋዩ ብቻ የቀረበት ቁልቁለት ይገጥመዋል። ከመሃል ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተን 3,200 ሜትር ወደሚጠጋው ጫፍ የምንወጣ ሰዎች ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን ብዙ እንነጋገራለን፤ ስለ ጎማ ግን የምናወራው ሲተነፍስብን ብቻ ነው። ከብስክሌቴ ጋር አብሮ የመጣውን ጎማ ለመቀየር ከወሰንሁበት ካለፈው በጋ ጀምሮ የፈተንሁትንና የለካሁትን እዚህ አቀርባለሁ። በእኔ እምነት፣ ለዚህ መንገድ ጎማ ሲመረጥ ከጥርሱ (ላዩ ላይ ካሉት የላስቲክ ጉብታዎች) ርዝመት በፊት መታየት ያለባቸው የጎማው ጎን ጥንካሬና የፊተኛው ጎማ መሬት የመያዝ አቅም ናቸው።

ስለ ልኬት አጭር ነገር ልበል። መርካቶ ገብታችሁ «29» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አሁን ባለው ጎማ ጎን ላይ በትንንሽ ቁጥር የታተመውን፣ ለምሳሌ 57-622 የሚለውን፣ መዝግባችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበትን ክብ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር የሚገልጽ ሲሆን፣ 26 ኢንች የሚባለው 559፣ 27.5 የሚባለው 584፣ 29 የሚባለው ደግሞ 622 ነው። የኢንች አጠራሩ ከሻጭ ሻጭ ሊለያይ ይችላል፤ ይህ ቁጥር ግን አያሻማም። ስፋቱን ከመጨመራችሁ በፊትም ጎማው በብስክሌቱ የኋላ ሹካ መካከል ሲያልፍ በግራና በቀኝ የሚተርፈውን ክፍተት እዩ። በበጋ የሚበቃ የሚመስለው ክፍተት በሐምሌ ጭቃው ተጠቅጥቆበት ጎማውን እንደ ፍሬን ይይዘዋል።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናየው ጥርሱን ነው። ለውድድር ተብለው የሚሠሩት ጎማዎች ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን አጭርና የተጠጋጋ ጥርስ አላቸው፤ ለጭቃ የሚሠሩት ደግሞ ረጅምና የተራራቀ። ረጅሙ ጥርስ የሚጠቅመው የሚሰምጥበት ለስላሳ አፈር ሲያገኝ ነው። የእንጦጦ መንገድ በበጋ ከላይ ስስ አቧራ የለበሰ፣ ከሥር ግን እንደ ሸክላ የደረቀ በመሆኑ ረጅሙ ጥርስ ሳይሰምጥ ይታጠፋል፤ መታጠፊያ ላይም ብስክሌቱ ከሥር የሚንሸራተት ያህል ይሰማል። በክረምት ደግሞ ከርዝመቱ ይልቅ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ወሳኝ ይሆናል። ቀዩ አፈር ሙጫ ስለሆነ የተጠጋጋ ጥርስ መካከል ገብቶ ይቀራል፣ ጥቂት ሜትሮች እንደተሄደም ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ግን ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን እየወረወረ ራሱን ያጸዳል።

የትኛውም ጥርስ የማይፈታው አንድ ችግርም አለ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በረጃጅሙ እየላጠ መንገዱ ላይ ይጥላል። ጥርሱ የሚያርፈው አፈሩ ላይ ሳይሆን ቅርፊቱ ላይ ስለሆነ፣ ቅርፊቱና ጎማው አብረው ይንሸራተታሉ። እዚያ ላይ መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ ፍሬኑን ለቆ ማለፍ እንጂ በጎማ መመካት አይገባም።

የአስፋልቱን ክፍል ደግሞ ችላ ማለት አይቻልም፤ ከመሃል ከተማ የሚነሳ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው እዚያ ነው። ጎማዎችን ለማወዳደር የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርድና ከዚያ መልሶ ይወጣል። ማለዳ፣ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መንገድ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ተነስቼ ፔዳል ሳልመታ ብስክሌቱን እለቀዋለሁ፤ ከድልድዩ ወዲያ ዳገቱ ላይ የት እንደሚቆም ምልክት አደርጋለሁ። በጎማው ውስጥ ያለው የነፋስ መጠንና ልብሴ ተመሳሳይ ሆኖ ጎማው ብቻ ሲቀየር የሚታየው ልዩነት፣ ሻጩ ከሚነግረው ሁሉ የበለጠ አሳማኝ ነው። ጥርሰ ረጅሙ ጎማ ዳገቱን ብዙም ሳይጀምር ይቆማል፤ ድምፁም ከሩቅ ይሰማል።

ወደ ጎማው ጎን ልምጣ፤ ብዙ የተማርሁት እዚህ ላይ ነውና። የሰፈሬ ጎሚስታ ከመነዳሪውን (ነፋሱን የሚይዘውን የውስጥ ጎማ) ነፍቶ ውሃ በሞላው ሳፋ ውስጥ ሲያዞረው፣ አረፋው ከሁለት ጎን ለጎን ከሆኑ ቀዳዳዎች ሲወጣ አሳየኝ። እሾህ ወይም ምስማር የሚበሳው መሬት በሚረግጠው የውጭው ፊት በኩል፣ አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ቀዳዳዎች ትይዩ ሆነው ከታዩ ግን ከመነዳሪው ድንጋይና ቸርኬ መካከል ተቆንጥጧል ማለት ነው። መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው፦ ለእሾህ ወፍራም ፊት ያለው ጎማ ያስፈልጋል፤ ለቁንጠጣው ደግሞ ሰፋ ያለና ጎኑ ጠንካራ ጎማ ወይም ተጨማሪ ነፋስ። ከእንጦጦ ስንወርድ የሚደርስብን በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ጎማ ስታነሱ ጥርሱን በአውራ ጣት ከመጫን በተጨማሪ ጎኑን በሁለት ጣት ይዛችሁ እጠፉት። በጎኑ ላይ የሚጻፈው 60 ወይም 120 የሚል የክር ቁጥር በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉትን ክሮች ያመለክታል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ስለሚቀጥን ጎማው ቀላልና መሬቱን ተከትሎ የሚለዝብ ይሆናል፣ ነገር ግን ተጨማሪ ሽፋን ከሌለው በሹል ድንጋይ ለመቀደድ ይቀርባል። ለእኛ ቁልቁለት ባለ 60ው፣ ክብደቱ ቢጨምርም፣ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የነፋስ መጠን ከጎማው ምርጫ ተለይቶ አይታይም። ከመነዳሪ ባለው፣ 2.3 ኢንች ገደማ በሚሰፋ ጎማ ላይ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከኋላ ትንሽ ከፍ፣ ከፊት ትንሽ ዝቅ ይደረጋል። አንዳንድ ጓደኞች ከፍታ ስንወጣ ጎማው እንደሚወጠር ይናገራሉ። በእርግጥ ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ ጫፍ ድረስ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት በመለኪያው አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ሊጨምር ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ላይኛው አየር በጥቂት ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ አብዛኛው ጭማሪ ይካካሳል። ስለዚህ ለከፍታው ብሎ ማስተንፈስ አያስፈልግም። ለአስፋልቱ ከፍ አድርጎ ነፍቶ፣ አፈሩ ሲጀምር ማስተንፈስ ግን ይጠቅማል፤ ሲመለሱ ለመንፋት ትንሽ ፓምፕ መያዝ ግድ ይላል።

ከፊትና ከኋላ አንድ ዓይነት ጎማ መግጠም ልማድ ሆኗል እንጂ አስፈላጊ አይደለም። ቁልቁለት ላይ አቅጣጫውንም አብዛኛውን የፍሬን ኃይልም የሚሸከመው የፊቱ ነው፤ የኋላው ቢንሸራተት ይታረማል፣ የፊቱ ከተንሸራተተ ግን መውደቅ ነው። ያለኝን ገንዘብ ቅድሚያ ለፊቱ ሰጥቼ 60-622 የሆነ፣ መካከለኛ ርዝመትና ሰፊ ክፍተት ያለው ጥርስ፣ በተለይም በጎንና በጎን ጠንካራ የጥርስ ረድፍ ያለው፣ ላስቲኩ ለስለስ ያለ ጎማ ገጠምሁ። ለኋላው 57-622 የሆነውን፣ መሃሉ ላይ ጥርሱ አጭርና የተጠጋጋ፣ ላስቲኩ ጠንከር ያለውን መረጥሁ፤ አስፋልት ላይ ቶሎ የሚያልቀው የኋላው ነውና። ሲገጠም በጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ መሽከርከሪያው አቅጣጫ መዞሩን ማየት አይረሳ።

ከመነዳሪ የሌለውን ቲዩብለስ በተመለከተ፣ ማቪክ፣ ሚሽላንና ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ለተራራ ብስክሌት ካቀረቡት ወዲህ በሌላው ዓለም የተለመደ ሆኗል። የሚቆነጠጥ ከመነዳሪ ስለሌለው ቁንጠጣን በእጅጉ ይቀንሳል፤ በዝቅተኛ ነፋስ መንዳትም ያስችላል። ይሁን እንጂ ውስጡ የሚፈሰው ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ በየጥቂት ወሩ ይደርቃልና መተካት አለበት፤ እኔ በምዞርባቸው ሱቆች ሁልጊዜ አይገኝም። ፈሳሹ በቀላሉ እስኪገኝ ድረስ፣ ማንም ጎሚስታ የሚጠግነውን ከመነዳሪ ይዤ እቀጥላለሁ።

ጎማ ሲመረጥ መንገዱም ሊታሰብ ይገባል። የኋላ ጎማ ተቆልፎ ሲጎተት፣ ጥርሱ ረጅም በሆነ መጠን አፈሩን ቦይ አድርጎ ያርሰዋል፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ያንን ቦይ ተከትሎ ይወርድና በዓመቱ ወደ ሸለቆ ይለውጠዋል። በዚያው መንገድ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ ለእነርሱ የተቦረቦረ መንገድ ከእኛ ይልቅ ከባድ ነው። አጭር ጥርስ ያለውን የኋላ ጎማ እንድመርጥ ካደረጉኝ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ከእርሱ ጋርም የኋላውን ፍሬን ሳይቆልፉ በዝግታ መውረድን እየተለማመድሁ ነው።

ቀጣዩ ሥራዬ ከሰኔ በፊት የኋላውን ክፍተቱ በሰፋ ጎማ ቀይሮ፣ በራስ መኮንን ድልድይ ላይ ምን ያህል ርቀት እንደሚያስቀርብኝ መለካት ነው። 26 ኢንች ብስክሌት ያላችሁ፣ 559 ልኬት ያለው ጎኑ ጠንካራ ጎማ ያገኛችሁበት ሱቅ ካለ ብትጠቁሙን፣ አሮጌ ብስክሌት ይዘው አብረውን ለሚወጡት ወጣቶች ትልቅ እርዳታ ይሆናል።