የእማዬ አርባ ጠላ

ኅዳር 7፣ ሱሉልታ

በቀብሯ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ አልሞላም። የተወለደችበት አገር፣ ከአባዬ ጋር የተጋቡበት ዓመት፣ 6 ልጆች፣ 11 የልጅ ልጆች፣ መጨረሻ ላይ «ባለሙያ ነበረች»። ሕዝብ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከዚህ በላይ አይነበብም። ግን «ባለሙያ» ብሎ ማለፍ እሷን አይገልጽም። ቢያንስ ጠላዋ በልኳ ይጻፍ።

ያረፈችው ጥቅምት 11 ነው፤ ቀኑ ራሱ ስለሚቆጠር አርባዋ ኅዳር 20 ይውላል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ቅቤና ሥጋ የለም፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጥቅል ጎመን ነው። ለፍትሐቱ የሚሰጠው የክርስትና ስሟ ነው፤ ሁሉም በቤት ስሟ ስለለመደ እንዳይረሳ።

ጠላው ዛሬ ካልተጠነሰሰ አይደርስም። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳር ሌሊቷ ውርጭ ነው። ሞቃት አገር በሳምንት የሚደርሰው እዚህ 13 ቀን ይፈጃል።

ልኳ በጣሳ ነበር፤ ሚዛን አትወድም። አንድ ጣሳ የጌሾ ዱቄት፣ ሁለት ጣሳ ብቅል፣ ሰባት ጣሳ የገብስ አሻሮ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ። ለአርባዋ በሦስት ይባዛል። ጌሾው ቅጠሉ ይሁን፤ እንጨቱ ለጠጅ ነው። ሲበዛ ይመራል፣ ሲያንስ ጠላው ቶሎ ይኮመጥጣል። ብቅሉ ሥር እንዳወጣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ቡቃያው ካደገ የገብሱን ጉልበት ራሱ ይበላዋል።

መጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ ሽታው እስኪለቅ ሦስት አራት ጊዜ። ከዚያ የሚጨስ የወይራ ፍልጥ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። የፕላስቲክ በርሜል ጢስ አይዝም፤ ጎረቤቱ «የእሷ ጠላ ሌላ ነው» የሚለው ግማሹ ከጋኑ ነው።

ጥንስሱ ጌሾውና ጥቂት ብቅል በጥቂት ውሃ ነው፤ አራት ቀን ይቆያል። እሷ ጋኑን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላ ምድጃ አጠገብ ታሳድረው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን አስጠግታ ትሰማለች። ፉጨት የሚመስል ድምፅ ከሌለ ጋቢ ይደረባል እንጂ ጌሾ አይጨመርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ብርዱ ያዘገየውን በጌሾ ሊያፋጥን ይሞክርና መራራ ያደርገዋል።

በአራተኛው ቀን የአሻሮው ዱቄት ተቦክቶ ምጣድ ላይ እየተፈረፈረ እንኩሮ ይሆናል። ቡናማ ሲሆን ይወጣል፤ ከጠቆረ የዓረር ጣዕም ጠላው ውስጥ እስከ መጨረሻው ይኖራል። እንኩሮው ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ትኩሱ ጥንስሱን ያቃጥለዋል፣ መፍላቱም ይቆማል። የልጅ ልጆቿ ምጣዱን ከበው የሚጠብቁት ይህን ቀን ነበር፤ ከሰባቱ ጣሳ ስምንተኛ የምትጨምረው ለእነሱ እፍኝ እፍኝ ነው። ዘንድሮም ስምንት ይሁን።

የቀረው ብቅልና እንኩሮው ተጨምሮ ድፍድፉ አምስት ቀን ይቀመጣል። ኅዳር 16 ውሃው ይሞላና ጋኑ ይከደናል፤ አፉ በጨርቅና በጭቃ ይታሸጋል። አየር ከገባ ኮምጣጤ ነው። በርሜል ለመጨመር ከተገደድን ክዳኑ እስከ መጨረሻ አይጠበቅ፤ መውጫ ያጣ አየር ያሳብጠዋል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል።

ቢራ በሳጥን እናምጣ ያለ አለ። ይምጣ፣ ለእንግዳ። እድሩ ድንኳንና ወንበር ይሰጣል፤ ማጣሪያውን ጨርቅ ግን እኛው እናዘጋጅ፣ አዲስ ሳይሆን የታጠበ አሮጌ ነጠላ። አዲስ ጨርቅ ሽታውን ይለቃል።

አባዬ የተጣራ አይጠጣም። እሷ ከመጣራቱ በፊት ጉሹን በትንሿ እንስራ ትለይለት ነበር፣ ሦስት ሊትር ያህል። እንስራዋ ጓዳ ከምጣዱ ኋላ ናት፤ ማክሰኞ እሷም ትታጠን።