ከስላይዱ በፊት ሐይቁ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር

ስለ ፕረዘንቴሽን መጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ያለፈው ሳምንት ክፍለ ጊዜ ግን ሐሳቤን ስላጠራልኝ ሳይበርድ ላስፍረው።

ክፍል ውስጥ ፕረዘንቴሽን እንዴት እንደሚካሄድ ተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ርዕስ ይከፋፈላል፣ ቡድን ይመሠረታል። ከቡድኑ አንድ ሁለት ልጅ ሌሊቱን አድረው ስላይድ ይሠራሉ። የቀሩት መግቢያና ማጠቃለያውን ተካፍለው ይሸመድዳሉ። በቀኑ ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ በየተራ ይነበባል፣ ይጨበጨባል። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ሁሉም ያቀረቅራል። ጓደኛን በጥያቄ ማስጨነቅ እንደ ክፋት ነው የሚታየው። ለእኔ ግን ከአቀራረቡ ሁሉ ትልቁ ነገር ያ ሳይጠየቅ የሚቀረው ጥያቄ ነው። ያነበበ ሰው ስላይዱ እስከሚያልቅ ድረስ ይናገራል። ያየ ሰው ደግሞ ስላይዱ ካለቀ በኋላም የሚለው አያጣም።

የእኛ ቡድን ርዕስ የጣና ውሃ ድፍርስነት ነበር። ቤተ መጻሕፍት ገብተን ብቻ መጨረስ እንችል ነበር። ሐይቁ ግን እዚሁ ደጃችን ነው። ሄደን እንለካ ተባባልን።

የውሃን መጥራትና መደፍረስ በዓይን የሚለካ ሴኪ ዲስክ የሚባል መሣሪያ አለ። አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በ1865 እ.ኤ.አ. በጳጳሱ መርከብ ሆኖ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ እንዲህ ያለ ክብ ሰሌዳ እያወረደ ሞክሯል። ለሐይቅ የሚያገለግለው ባብዛኛው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነው። በአራት ተከፍሎ ሁለቱ ሩብ ጥቁር፣ ሁለቱ ነጭ ይቀባል። በገመድ ታስሮ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዓይን የጠፋበት ጥልቀት ይመዘገባል። ወደ ላይ ሲሳብ ተመልሶ የታየበትም ይመዘገባል። የሁለቱ አማካይ ልኬቱ ይሆናል።

ብየዳ ቤት ሄደን ላሜራ አስቆረጥን። ቀለሙን ዶርም በር ላይ ቀባነው። እንዲሰምጥ ከሥሩ ብሎን አሰርንበት፣ ገመዱን ደግሞ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አደረግንበት። ይህን መሣሪያ ብዙ ወጪ ሳይወጣበት ማንም ተማሪ ሊሠራው ይችላል፤ ስለዚህ ነው በዝርዝር የጻፍኩት።

ጠዋት በጀልባ ወጣን። ውሃው ዝም ብሎ ነበር። ዲስኩን አወረድን፣ መዘገብን፣ ተደሰትን። ልንመለስ ስንል የጀልባው ባለቤት ጠየቁን።

«ጨረሳችሁ እንዴ ልጆቼ?»

«አዎ ጋሼ፣ ለካን።»

«የለካችሁት የጠዋቱን ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ደግማችሁ ለኩት። ሌላ ውሃ ነው የምታገኙት።»

እውነታቸውን ነው። ከሰዓት ያንኑ ቦታ ስንለካ ዲስኩ ጠዋት ከጠፋበት በጣም ከፍ ብሎ ጠፋ። ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሐይቅ ነው። አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ8 እስከ 9 ሜትር፣ ጥልቁ ቦታ ደግሞ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ተዘርግቶ ጥልቀት ሲያጣ ነፋስ በቀላሉ ከሥሩ ያማስለዋል፣ የተኛውን ደለል ያስነሳዋል። «ጥልቀት የሌለው ሐይቅ» የሚለው ሐረግ ደብተሬ ላይ ከዓመት በፊት ተጽፏል። ትርጉሙ የገባኝ ግን ገመዱ እጄ ላይ ሲያጥር ነው። ጀልባ የሚነዱት ሰው በየቀኑ የሚኖሩትን ነገር እኛ ሴሚስተሩን ሙሉ አልደረስንበትም ነበር። ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ነው።

ክፍል ውስጥ ስናቀርብ ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ስላይዱ ጥቂት ነበር። ሁለት ቁጥር አሳየን፦ የጠዋቱንና የከሰዓቱን። «ለምን ተለያዩ?» ብለን እኛው ጠየቅን። ክፍሉ ተነቃቃ። አንዱ ነፋስ አለ፣ ሌላው ጀልባ ነው አለ፣ ሌላው ዝናብ። ክርክሩ ሳይታወቀው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ዞረ። መምህሩም አላስቆሙትም፤ ስላላስቆሙት አመሰግናቸዋለሁ። የሸመደድነውን በእንግሊዝኛ እናነበንባለን፣ የገባንን ግን አፋችንን በፈታንበት ቋንቋ ነው የምንከራከርበት። እንግሊዝኛውን ጠልቼ አይደለም፣ ያስፈልገናል። ለጥያቄው ሰዓት ግን ሁለቱም በሮች ክፍት ቢሆኑ እላለሁ።

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከጣና በስተምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ ነው ያደገችው። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም።

«ክረምት የጉማራ ወንዝ ሲሞላ ማሳችን ላይ ይተኛል» አለች። «ሲሸሽ ደለሉን ጥሎልን ይሄዳል። ሩዙም የሚስማማው ለዚህ ነው። ያ አፈር እኛ ጋ ባይቀር ሐይቁ ውስጥ ነበር የሚገባው። ጎርፉን ለመከላከል ወንዙ ዳር ዳሩን ቢከተር ደለሉ የት ይሄዳል?»

መምህሩ ጥያቄዋን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ የሚሉትን ወደ ጣና የሚገቡ ወንዞች ስሞች ሁላችንም ለፈተና አጥንተናቸዋል። እሷ ግን ከአንዱ ወንዝ ጋር አብራ አድጋለች። የጎርፍ ሜዳ ደለልን አጣርቶ የሚያስቀር መሆኑን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቷ ማሳ ነው የምታውቀው። ስንት እንዲህ ያለ እውቀት ይሆን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚመረቀው? ይህ ያሳዝነኛል። «የምታውቁትን ንገሩን» ተብለን ሳንጠየቅ ነው የምናልፈው።

ትምህርትን ከልምድ ጋር ያያያዙ ምሁራን ብዙ ናቸው። ዴቪድ ኮልብ የተባለ አሜሪካዊ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ነገሩን በአራት ደረጃ ያስቀምጠዋል፦ አንድ ነገር ታደርጋለህ፣ ያደረግኸውን መለስ ብለህ ታያለህ፣ ከዚያ ሐሳብ ትጨብጣለህ፣ ሐሳቡን ደግሞ እንደገና ትሞክረዋለህ። እኛ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ላይ ጀምረን ሦስተኛው ላይ እናበቃለን።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ያስታወሰኝ አጎቴ ነው። ልጅ ሳለ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ተምሯል። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም አስቦ ይደርሳል። ማታ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርሙታል። የአንዱ እርማት ለሚሰሙት ሁሉ ትምህርት ነው። አስነጋሪም አለ፤ ቀድሞ የገባው፣ ኋላ ለመጣው የሚያግዝ ተማሪ። የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ግን ነውር ነው። የእኛን ስላይድ ከዚህ አጠገብ ሳስቀምጠው የቱ ጋ እንደጎደለን ይታየኛል፤ ብቻችንን ከነገሩ ጋር የምንውልበት ቀን የለንም።

ውጤት አሰጣጡም አያግዝም። ስላይድ ማማር ነጥብ አለው፣ ሰዓት መጠበቅ ነጥብ አለው፣ ጥሩ ጥያቄ መጠየቅ ግን የለውም። አምስት ነጥብ እንኳ ለጠያቂው ቢያዝ ክፍሉ በአንድ ቀን ይለወጥ ነበር። ይህን ለመምህራችንም ነግሬያቸዋለሁ።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ርዕሳችንን ከአሁኑ መርጠናል፦ ጨረጨራ። ከጣና ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውሃ የሚቆጣጠረው ግድብ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በሁለት በር ተሠራ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. አምስት ተጨመሩበት። የስላይድ ማስገቢያ ቀናችን ከጉብኝቱ በኋላ እንዲሆን ጠይቀናል፤ መምህሩ «አስብበታለሁ» ብለዋል። የፎገራዋ ልጅም ቡድናችን ውስጥ ለመግባት እሺ አለች። ግድቡን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች የምናቀርበውን የመጀመሪያ ጥያቄም እሷ ጽፋ ሰጥታናለች፦ በሮቹ ተዘግተው ሐይቁ ከፍ ሲል፣ ዳር ያለው ማሳ እስከ የት ድረስ ውሃ ይገባዋል?