ላጲሱ ከመነሣቱ በፊት

በሆላንድ ከተማ ሄግ ውስጥ የሥዕል ፍሬም በሚሠራበት ቤት በምሠራበት ጊዜ አንድ ደንበኛ ከአያቱ የወረሰውን ያልተፈረመበት የእርሳስ ንድፍ አመጣ። የእንጨት ጫማ ያደረገች የገጠር ልጅ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ቆማለች፤ ከጎኗም ግራ እግሯ ብቻውን ተለቅ ብሎ በድጋሚ ተሥሏል። በልጅቱ ፊትና በሽርጧ ላይ ግን ቀጫጭን መስመሮች ተጠላልፈው ያልፉ ነበር።

የማጽዳቱን ሥራ የያዘው ባልደረባዬ፣ መስመሮቹን በኋላ ዘመን ሰው የጫረው ቆሻሻ ነው ብሎ ላጲስ አነሣ። ጥቂት እንዲታገሠኝ ለምኜው ወረቀቱን በአጉሊ መነጽር አብረን አየነው። መስመሮቹ እኩል ተራርቀው እስከ ባዶው ኅዳግ ድረስ ይዘልቃሉ፤ ጠርዙ ላይም በዚያው እርሳስ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ሠዓሊው ንድፉን አሳድጎ ወደ ሸራ ለማዛወር ያሰመራቸው ካሬዎች ነበሩ። ላጲሱ ቢያርፍባቸው ኖሮ የጉንጯን ጥላ ጨምሮ ይወስደው ነበር።

በሆላንድ እውነታዊ ሥዕል እንዲህ ያለው የሥራ ምልክት እንግዳ አይደለም። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎክ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚሁ ሄግ ሳለ፣ የሚሥለውን ነገር አሻግሮ እያየ መጠኑንና ርቀቱን የሚያመዛዝንበትን ክር የተወጠረበት የእይታ ፍሬም ይጠቀም ስለነበር በበርካታ ንድፎቹ ላይ የፍሬሙ መስመሮች ዛሬም ይታያሉ፤ በአናጺ እርሳስ ሠርቶም የእርሳሱን ብልጭታ ለማጥፋት ውኃ የተቀላቀለበት ወተት ይቀባ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ወተቱ የተወውን እድፍም እንደ ጉዳት ሊቆጥረው ይችላል። የዓሣ አጥማጆችን ልጆች ደጋግሞ የሣለው ሆላንዳዊው ሠዓሊ ዮሴፍ እስራኤልስ እ.ኤ.አ. በ1872 የሠራው፣ በመጫወቻ ጀልባ የሚጫወቱ ልጆች ያሉበት ሸራ በአምስተርዳም ራይክስ ሙዚየም ይገኛል። እኔ ግን የዚያን ዘመን የገጠር ልጅ ድካም ከተጠናቀቁት ሸራዎች ይልቅ በንድፎቹ ላይ አብልጬ አየዋለሁ፤ ሸራው ላይ ሐዘኑ ለገዢ ዓይን ይለዝባል፣ በንድፉ ላይ ግን የታዘለው ሕፃን ክብደት በልጅቱ ትከሻ መዝመም ይታወቃል።

የወረቀት እድሳት ባለሙያ ተጠርታ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አነሣች። ባልደረባዬም የፍሬሙን የውስጥ ካርቶን ቁጥሮቹ እንዳይሸፈኑ አስፍቶ ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚገባ ማንኛውም ንድፍ አስቀድሞ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ በላዩ ያለው መስመርና እድፍ ሁሉ በሥራ ትእዛዙ ላይ ይመዘገባል፤ ላጲስ የሚነካውም ባለሙያዋ በጽሑፍ ስትፈቅድ ብቻ ነው።